ኮ ታኦ፦ የጀማሪ ጠላቂዎች የግራናይት ሪፍ

ኮ ታኦ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ፣ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ደሴት ናት። ምድሯ የግራናይት ኮረብታ፣ ዳርቻዋ ትንንሽ ወሽመጥ የበዛበት ነው። በአስተዳደር የሱራት ታኒ ግዛት አካል ስትሆን፣ በቅርብ ካለው ዋና ምድር፣ ከቹምፖን ጠረፍ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በስተደቡቧ ኮ ፓንጋን፣ ከዚያ አልፎ ኮ ሳሙይ ይገኛሉ። ስሟ በታይኛ «የኤሊ ደሴት» ማለት ነው። ዛሬ ዝናዋ የሚነሣው ከስኩባ ትምህርት ጋር ነው፤ የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠልቁ ሰዎች የምስክር ወረቀት በብዛት ከሚወስዱባቸው የዓለም ስፍራዎች አንዷ ናት።

ለዚህ ያበቃት የትምህርቱ ዋጋ አነስተኛ መሆኑ ብቻ ሳይሆን የዓለቷ ቅርጽ፣ የባሕሯ ጥልቀትና የውኃዋ ሙቀት ጭምር ነው። በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓለቱና ባሕሩ

ግራናይት ከምድር በታች የቀለጠ ዓለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጠንካራ ድንጋይ ነው። በላዩ ያለው ሁሉ በዘመናት ተሸርሽሮ ሲያልቅ ወደ ገጽ ይወጣል፤ በስንጥቆቹ የሚገባው የዝናብ ውኃ ደግሞ ጠርዞቹን እየበላ ያሞለሙለዋል። በኮ ታኦ ዳርቻ ቤት የሚያክሉ ክብ ቋጥኞች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶ ዘመኑ በበረታበት ወቅት፣ የዓለም ባሕር ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ በጥልቁ ቦታ እንኳ 100 ሜትር ስለማይደርስ ያን ጊዜ ደረቅ ምድር ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጠላቂ የሚዞረው ቋጥኝ ያኔ በሜዳ መካከል የቆመ ኮረብታ ነበር። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲመለስ ኮራል የተባለው የባሕር እንስሳ መጥቶ ሰፈረበት።

እንዲህ ያለው ስፍራ ዓለታማ ሪፍ ይባላል። ለምሳሌ በቀይ ባሕር ዳርቻዎች የሚታየውን ሪፍ የገነባው ራሱ ኮራሉ ነው፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየሞተ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ አቁሟል። በኮ ታኦ ግን ቅርጹን የሰጠው ግራናይቱ ነው፤ ኮራሉ ከላይ ያለ ሕያው ሽፋን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የኮራል እጭ ጠባይ ነው። እጩ በባሕር ሲንሳፈፍ ቆይቶ የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ በሚንቀሳቀስ አሸዋ ላይ መኖር አይችልም። ከአሸዋማው የባሕር ወለል የወጣ ቋጥኝ ሁሉ ስለዚህ በሕይወት ይሞላል፤ ከላይ ብርሃን ወዳዱ ኮራል፣ ከሥር በተደራረቡት ድንጋዮች ጥላ ውስጥ ደግሞ ስፖንጅና ተደብቆ የሚውል ዓሣ ይኖራል።

ይህ ቅርጽ ለጀማሪ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። በአብዛኞቹ ወሽመጦች ቋጥኙ ከዳርቻው ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርድና ከ10 እስከ 18 ሜትር ባለው ጥልቀት አሸዋ ላይ ያበቃል። ተማሪው ከእግሩ በታች ወለል ይታየዋል፤ ወሰን በሌለው ሰማያዊ ጥልቀት ላይ የተንጠለጠለ ሰው የሚሰማው ፍርሃት አይይዘውም። ከተፈቀደለት ጥልቀት በታች ልውረድ ቢል እንኳ ወለሉ ይገታዋል። እያንዳንዱ ትልቅ ቋጥኝ የራሱ መልክ ስላለው ለአቅጣጫ ምልክት ያገለግላል። ነፋሱ ከአንድ ወገን ሲበረታ ጀልባዎቹ ኮረብታው ወደሚከልለው ወገን ይዞራሉ።

የውኃው ሙቀት በአብዛኛው ዓመቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ያም ሆኖ ውኃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ስለሚወስድ አንድ ሰዓት የቆየ ሰው ይበርደዋል፤ ስስ የመጥለቂያ ልብስ መልበሱ ለዚህ ነው። ዕይታው ተለዋዋጭ ነው። በመልካም ቀን ከ20 ሜትር ያልፋል፤ ባሕሩ በተናወጠ ጊዜ ከ5 ሜትር በላይ ማየት ያስቸግራል። ከባዱ ዝናብና ማዕበል የሚመጣው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ሲሆን በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ጀልባዎች ከወደብ አይወጡም።

የመጥለቂያ ስፍራዎች

ከደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ፊት ለፊት ኮ ናንግ ዩዋን አለች፤ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች በአንድ ነጭ የአሸዋ መተላለፊያ የተያያዙባት ስፍራ ናት። በምሥራቅ ጎኗ ያለው «የጃፓን የአትክልት ስፍራ» የጀማሪዎች ዋና መማሪያ ነው። ከጉልበት ከፍታ ተነሥቶ ወደ 14 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ መካከሉ ላይ ተማሪዎች ኮራል ሳይነኩ ተንበርክከው የሚለማመዱበት አሸዋማ ሜዳ አለው። በምዕራብ ጎኗ ያሉት «መንትዮቹ» እስከ 18 ሜትር ድረስ ስለሚወርዱ በትምህርቱ መጨረሻ ለሚደረገው መጥለቅ ይመረጣሉ።

«ነጭ ዓለት» ወይም ሂን ካኦ ትንሽ ጠለቅ ይላል፤ በሌሊት ለመጥለቅ የታወቀ ነው። በደቡብ ምሥራቅ አው ሉክ፣ በሰሜን የማንጎ ወሽመጥ፣ በምሥራቅ ታኖቴ እያንዳንዳቸው ለጀማሪ የሚሆን ጸጥ ያለ ውኃ አላቸው።

ከባሕር ዳርቻው የራቁት ስፍራዎች ግን የተለዩ ናቸው፤ ሰው በጀማሪነቱ እንዲሄድባቸው መገፋፋት ተገቢ አይደለም። የቹምፖን ጫፍ የሚባለው የግራናይት ሰንሰለት አናቱ ከ14 ሜትር በታች ይጀምራል። በኮ ታኦና በኮ ፓንጋን መካከል ብቻውን ከባሕር የወጣው «የሸራ ዓለት» ወደ 40 ሜትር ይወርዳል፤ በውስጡ ጠላቂ ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ቀጥ ያለ ዋሻ አለው። በ2011 ሆን ተብሎ የሰጠመው ሳታኩት የተባለው መርከብም ልምድ ላላቸው ነው። 48 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደር ማጓጓዣ የነበረና በኋላ ለታይላንድ የተላለፈ ነው።

አየር፣ ጆሮና ግፊት

በዚህች ደሴት በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉ በላይ የግፊት ትምህርት ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ በ1 ባር ያህል ይጫነናል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሌላ 1 ባር ይጨመራል፤ በ10 ሜትር 2 ባር፣ በ20 ሜትር 3 ባር ይሆናል። የአየር ይዘት ደግሞ ግፊቱ በጨመረ ልክ ይቀንሳል። ከላይ 6 ሊትር የነበረ አየር በ10 ሜትር 3 ሊትር፣ በ20 ሜትር 2 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች እንደሚታየው ትልቁ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ውስጥ ያልቃል። ጥልቀት የሌለው ውኃ አደጋ የለውም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሲሊንደር የተነፈሰ ሰው ትንፋሹን ይዞ ከጥቂት ሜትር ጥልቀት እንኳ ቢወጣ፣ በሳንባው ያለው አየር ሲሰፋ መውጫ ያጣና ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። የስኩባ የመጀመሪያ ሕግ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው።

ጀማሪ አስቀድሞ የሚሰማው ግን ጆሮውን ነው። ገና 1 ወይም 2 ሜትር ሲወርድ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል። አፍንጫን በጣት ይዞ በቀስታ እፍ ማለት ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቧንቧ ይከፍትና ግፊቱን ያስተካክላል። ይህ መደረግ ያለበት ሕመም ሳይጀምር ነው። አልከፈት ካለ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደገና መሞከር ይገባል፤ በኃይል መግፋት ታምቡርን ይጎዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ያን ቀን ባይጠልቅ ይሻለዋል፤ ጥሩ አስተማሪ ይህን ሲነግር ገንዘቡን እንጂ ተማሪውን አያጣም።

በአፍ የሚያዘው መሣሪያ፣ ሬጉሌተሩ፣ ጠላቂው በሳበ ቁጥር ብቻ ከውኃው ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር ይሰጣል። የዚህ መሣሪያ መነሻ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 የሠሩት አኳ ላንግ ነው። የሚሰጠው አየር በግፊቱ ልክ የታመቀ ስለሆነ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሲሊንደሩ ፈጥኖ ያልቃል። ለምሳሌ 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር አለው። ለመጠባበቂያ 50 ባር ቢቀመጥ 1,800 ሊትር ይቀራል። በየብስ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በ10 ሜትር ጥልቀት 40 ሊትር ይወስዳል፤ ስለዚህ 45 ደቂቃ ይቆያል። በ20 ሜትር ግን 30 ደቂቃ ብቻ ነው። የተጨነቀ ጀማሪ ከዚህም በእጥፍ ይተነፍሳል፤ ዝቅ ባለ ሪፍ ላይ መማር ለመረጋጋት ጊዜ የሚሰጠውም በዚህ ስሌት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ክህሎት ሚዛን ነው። ጠላቂው ወገቡ ላይ እርሳስ ይታጠቃል፤ አየር የሚሞላና የሚቀነስ ጃኬት ይለብሳል። የመጨረሻውን ማስተካከያ ግን የሚያደርገው በሳንባው ነው። ረጋ ብሎ ሲስብ ትንሽ ከፍ፣ ሲያወጣ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ውጤቱም ጥቂት ዘግይቶ ስለሚመጣ ያልለመደው ሰው አሁንም አሁንም እየጨመረና እየቀነሰ ከላይ ታች ይዋዥቃል። ትክክለኛ ሚዛን የያዘ ጠላቂ ወለሉን ሳይነካ፣ ወደ ላይም ሳይሳብ በአንድ ቦታ ይቆያል። ይህ ችሎታ ጠላቂውን ከድንገተኛ መውጣት ያድነዋል፤ ከሥሩ ያለውን ኮራል ደግሞ ከእግሩ ያድናል። በኮ ታኦ ያለው የትምህርት ጥራት የሚለካበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ የምስክር ወረቀቱ በስንት ቀን መሰጠቱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው ፓዲ የተባለ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት እና መሰሎቹ ያወጡት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ባሕር ውስጥ 4 ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል፤ የሚፈቅደው ጥልቀት 18 ሜትር ነው። በፓዲ ደንብ ተማሪው ቢያንስ 10 ዓመት የሞላው፣ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ የሚችል መሆን አለበት። ስለ አስም፣ ስለ ልብ፣ ስለ ጆሮና ስለ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል። በዚህ ቅጽ ላይ እውነቱን መደበቅ ራስን በቀጥታ ለአደጋ መስጠት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት መጥለቅ የለባትም። ሙሉውን ትምህርት መጀመር የማይፈልግ ሰው ከአስተማሪ ጋር እስከ 12 ሜትር ጠልቆ መሞከር ይችላል።

በሪፉ ላይ የሚታየው

በውኃ ውስጥ ብርሃን ስለሚታጠፍ ሁሉ ነገር በሢሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ይጠፋል፤ በ15 ሜትር ላይ ቀይ ስፖንጅ ቡናማ ይመስላል፤ ባትሪ ሲበራበት ግን ቀለሙ ይመለሳል።

በቋጥኞቹ አናት ላይ አኔሞን በሚባለው ተናዳፊ እንስሳ ጣቶች መካከል ሮዝ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ዓሣዎች ይኖራሉ። በየቡድናቸው ትልቋ ሴት ናት፤ እርሷ ስትሞት ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጣል። ክብ በሆኑት የፖራይትስ ኮራሎች ላይ ትናንሽ ባለቀለም ጠመዝማዛ ላባዎች ይታያሉ፤ ትሎች ናቸው፤ ጥላ ሲያርፍባቸው በቅጽበት ይሰበሰባሉ። ፖራይትስ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ አንድ ሜትር የሚያህለው ቋጥኝ መሰል ኮራል የብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ ነው። ከቋጥኝ ሥር ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ስቲንግሬይ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። በደቡብ ባለው ቲያን ኦግ ወሽመጥ የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረ ትንንሽ ሻርኮች በጥልቀት የለሽ ውኃ ሲመላለሱ ይታያሉ፤ ከሰው ይሸሻሉ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ አልፎ አልፎ ወደ ሩቆቹ ጫፎች ይመጣል፤ የሚበላው በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕያዋንና ትንንሽ ዓሣ ነው።

ጀማሪን በእውነት የሚያሳስበው ዓሣ ታይታን ትሪገርፊሽ ነው። እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ የባሕር ጃርትና ኮራል የሚሰብር ጥርስ አለው። በአብዛኛው ጊዜ ለሰው ደንታ የለውም። ዕንቁላሉን በአሸዋ ጉድጓድ ሲጠብቅ ግን የቀረበውን ሁሉ ያባርራል፤ ይነክሳልም። የሚጠብቀው ክልል ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ቅርጽ አለው። ፈርቶ ወደ ላይ የሚሸሽ ጠላቂ ስለዚህ ከክልሉ አይወጣም፤ ከዚያም በላይ በፍጥነት መውጣቱ ራሱ ይጎዳዋል። መደረግ ያለበት ፊትን ወደ ዓሣው አዙሮ፣ እግርን በመካከል አድርጎ ወደ ጎን መራቅ ነው።

ሰው በደሴቲቱ

የሲያም ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1899 ደሴቲቱን ጎብኝተዋል፤ የስማቸው ምልክትም በሳይሪ ዳርቻ ባለ ቋጥኝ ላይ ተቀርጿል፤ እስከ ዛሬ ይከበራል። በ1940ዎቹ የፖለቲካ እስረኞች ታስረውባት ነበር። ከእነርሱ በኋላ ከኮ ፓንጋን የመጡ ቤተሰቦች ኮኮናት እየተከሉና ዓሣ እያጠመዱ ሰፈሩባት። ጓዛቸውን በጀርባቸው ያዘሉ የውጭ ተጓዦች መምጣት የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው፤ የመጥለቂያ ትምህርት ቤቶችም ያን ተከትለው በዙ።

ጉዳትና ጥበቃ

የኮ ታኦ ሪፍ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ከየብስ ነው። ኮረብታዎቹ ገደላማ ስለሆኑ ለቤትና ለመንገድ ዛፉ ሲመነጠር ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወሽመጡ ያወርደዋል። ደለል ኮራሉን ይሸፍናል፤ በውስጡ የሚኖረውና ምግብ የሚሠራለት አልጌ የሚፈልገውን ብርሃን ይጋርዳል። ሁለተኛው የባሕሩ ሙቀት ነው። ውኃው ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይሞታል። በ1998፣ በ2010 እና በ2024 የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች በዚህ ሁኔታ ክፉኛ ነጥተዋል።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የጠላቂ እግር የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ፣ በአንዱ ትንሽ ቦታ ላይ፣ በብዙ ተማሪዎች ይደጋገማል፤ ደግሞም ወዲያው ማስቆም የሚቻለው ጉዳት ይኸው ነው። በደሴቲቱ የሚኖሩ ጠላቂዎችና የትምህርት ቤት ባለቤቶች ይህን አይተው ጀልባ መልሕቅ ሳይጥል የሚታሰርበት ቋሚ ተንሳፋፊ አበጅተዋል፤ ኮራል የሚበላውን እሾሃማ የባሕር ኮከብና ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ። ከመንትዮቹ አቅራቢያም በአሸዋ ላይ የብረትና የሲሚንቶ ቅርጾች ተተክለዋል። ተማሪው ሚዛኑን ሲለማመድ ቢሳሳት የሚመታው ቀለበትና ምሰሶ ነው፤ በእነዚሁ ላይ አዲስ ኮራል እየበቀለ ነው። እንዲህ ያለ መለማመጃ ሳያልፍ ጀማሪን በቀጥታ ወደ ኮራል መውሰድ የትም ቢሆን ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። የታይላንድ መንግሥትም በ2025 ባወጣው ደንብ፣ ከጀማሪነት ያለፈ የምስክር ወረቀት ወይም 40 ጊዜ መጥለቁን የሚያሳይ መዝገብ የሌለው ሰው በውኃ ውስጥ ፎቶ እንዳያነሣ ከልክሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓይኑ ስክሪን ላይ የሆነ ጀማሪ እግሩ የት እንዳረፈ አያይም።

ከጠለቁ በኋላ

በግፊት ውስጥ የተነፈሰው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ እንደሚፈላ፣ በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ሰውነት ውስጥም ናይትሮጅኑ አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ሲብስም ሽባነት ያመጣል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፉ መውጣትና 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆየት የተለመደው መከላከያ ነው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን የተረፈው ናይትሮጅን ለመውጣት ሰዓታት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ኮ ታኦ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት መንገደኛው በጀልባ ወደ ቹምፖን ወይም ወደ ሳሙይ መሻገሩ የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በቂ ነው ብሎ መገመት ግን አይገባም። በተለይ ከባንኮክ ወደ አዲስ አበባ የሚበርር ሰው አንድ ነገር ማስላት አለበት። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚወርድ መንገደኛ በሩ ሲከፈት ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይመለሳል። አዲስ አበባ የወረደው ግን በአውሮፕላኑ ውስጥ በነበረው ዓይነት ስስ አየር ውስጥ ይቆያል። ለእርሱ ከ18 ሰዓቱ ይልቅ ሙሉ 24 ሰዓት ማረፍ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ድንዛዜ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማውም መጥለቁን ለሐኪም አስቀድሞ መናገር አለበት።